ውሻንና ድመትን ማምከን፦ ለየትኛው እንስሳ የትኛው መንገድ፣ በስንት ወሩ

«ላስመክናት ወይስ ልተዋት?» ለሚል ባለቤት ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ አንድ ቃል ነው፤ ወይ «አዎ» ወይ «ተዋት»። መልሱ ግን በአራት ነገር ይወሰናል፦ እንስሳው ድመት ነው ወይስ ውሻ፣ ሴት ነው ወይስ ወንድ፣ አድጎ ስንት ኪሎ ይደርሳል፣ ቤቱስ ምን ያህል ሊጠብቀው ይችላል። ለ4 ኪሎ ድመት ትክክለኛ የሆነው ዕድሜ ለ40 ኪሎ ውሻ ሊያስቸግር ይችላል። ለሴቷ ሕይወት የሚያድን ቀዶ ሕክምና ለወንዱ በሚቀጥለው ዓመትም ቢደረግ ምንም የማይጎዳው ሊሆን ይችላል። ስለዚህ መንገዶቹን አንድ በአንድ ከማየታችን በፊት የእናንተ እንስሳ ከየትኛው ወገን እንደሆነ እንለይ።

## ድመት፦ 5 ወር ሳይሞላ

የድመቱ ነገር ብዙም አያከራክርም። ሴት ድመት ከ4 ወር ዕድሜዋ ጀምሮ ልትደራ ትችላለች፤ አብዛኞቹ የሚጀምሩት 5 እና 6 ወር ላይ ነው። ባለቤቱ «ገና ግልገል ናት» ሲል ያረገዘችበት ጊዜ ብዙ ነው። በድራት ላይ ያለች ድመት መሬት ላይ ትንከባለላለች፣ የኋላ እግሯን እየረገጠች ወገቧን ወደ ታች ታጎብጣለች፣ ጭራዋን ወደ ጎን ትጥላለች፣ ሌሊቱን ሙሉ ትጮኻለች። ወንድ ካላገኘች በ2 ወይም በ3 ሳምንት ውስጥ ይመለስባታል። የድመት እንቁላል የሚለቀቀው በመጠቃቷ ምክንያት ስለሆነ፣ አንድ ሌሊት ካመለጠች ማርገዟ አይቀርም ማለት ይቻላል። እርግዝናው ከ63 እስከ 65 ቀን ይወስዳል፤ በአንድ ጊዜ 4 ገደማ ትወልዳለች፤ እነሱን እያጠባችም እንደገና ልታረግዝ ትችላለች። በዓመት ሦስት ጊዜ የምትወልድ ድመት እንግዳ ነገር አይደለችም።

ሌላው ምክንያት የጡት ካንሰር ነው። የድመት የጡት ዕጢ ከ10 ወደ 9 የሚጠጋው አደገኛ ዓይነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣ ጥናት እንዳሳየው 6 ወር ሳይሞላት የመከነች ድመት ካልመከነችው ጋር ስትነጻጸር አደጋዋ በ91 በመቶ ይቀንሳል፤ 1 ዓመት ሳይሞላት ከሆነ ደግሞ በ86 በመቶ። ከ2 ዓመት በኋላ ይህ ጥቅም የለም ማለት ይቻላል። «አንድ ጊዜ ትውለድና ከዚያ በኋላ» የሚለው ልማድ ለድመቷ የሚሰጣት የጤና ጥቅም የለም፤ ይህን ጥበቃ ግን ይነጥቃታል።

ወንዱ ድመት ሲጎረምስ ይርቃል፣ ይጣላል፣ ሽንቱን ይረጫል። ርጭቱ ከተራ ሽንት የሚለየው በአቋሙ ነው፤ ቆሞ፣ ጀርባውን ለግድግዳው ወይም ለመጋረጃው ሰጥቶ፣ ጭራውን ቀጥ አድርጎ እያንቀጠቀጠ ወደ ኋላ ይለቃል። ከተኮላሹ ወንድ ድመቶች ርጭቱ የሚቀጥለው በ10 በመቶ ገደማ ላይ ብቻ ነው። ለዓመታት ሲረጭ የኖረ ድመት ግን ልማዱ ስለሚሥርበት ለመተው ይቸገራል፤ ቀድሞ ማኮላሸት የሚሻለውም ለዚህ ነው። ጠቡ የሚያመጣው ጣጣም ቀላል አይደለም። የንክሻው ቁስል መግል ይይዛል፤ የሰውነትን የመከላከል አቅም የሚያዳክመው ኤፍ አይ ቪ የሚባለው የድመቶች ቫይረስም በዋናነት የሚተላለፈው በንክሻ ነው።

«ቶሎ ከተኮላሸ የሽንት ቧንቧው ይጠብበታል» የሚለው ስጋት ሲጠና አልተረጋገጠም። የወንድ ድመትን ሽንት የሚዘጋው ብዙ ጊዜ ጭንቀት፣ ውፍረትና ውኃ አለመጠጣት ነው። ስለዚህ ለድመት ምክራችን አንድ ነው፦ ሴትም ይሁን ወንድ ከ4 እስከ 5 ወር ባለው ጊዜ፣ በቀዶ ሕክምና። ከቤት የማትወጣ ድመትም ከዚህ አትለይም፤ በየ3 ሳምንቱ እየደራች መኖር ለሷም ለቤቱም ሥቃይ ነው።

## ሴት ውሻ፦ ብዙ ማመዛዘን የሚጠይቀው እዚህ ነው

ሴት ውሻ ባብዛኛው በየ6 ወይም 7 ወሩ ትደራለች፤ ጠቅላላው 3 ሳምንት ያህል ይቆያል። የመጀመሪያዎቹ 9 ቀናት ገደማ ብልቷ ያብጣል፣ ደም ታንጠባጥባለች፣ ወንዶች ይከተሏታል፤ እሷ ግን አትቆምላቸውም። ከዚያ ደሙ ይሳሳል፣ ቀለሙ ይፈዛል። ባለቤቱ «አለፈላት» ብሎ የሚፈታት እዚህ ላይ ነው፤ የምታረግዘውም እነዚሁ ሁለተኛዎቹ 9 ቀናት ውስጥ ነው። ያለ ቀዶ ሕክምና ለመጠበቅ ያሰበ ሰው ደም ካየበት የመጀመሪያው ቀን ቆጥሮ ሙሉ 4 ሳምንት ከወንድ መለየት አለበት።

የማህፀን መግል። ሴት ውሻ በደራች ቁጥር፣ ታርግዝም አታርግዝም፣ ማህፀኗ ለ2 ወር ያህል በፕሮጄስትሮን ሆርሞን ሥር ይቆያል። ግድግዳው ይወፍራል፣ ፈሳሽ ያመነጫል፣ በር ላይ የደረሰ ባክቴሪያ እንደልብ ይራባል። ዕድሜዋ እየገፋ ሲሄድ ይህ እየተደራረበ ማህፀኑ መግል ይቋጥራል። በስዊድን የኢንሹራንስ መዝገብ ላይ በተሠራ ጥናት ካልመከኑት ሴት ውሾች ወደ ሩብ የሚጠጉት 10 ዓመት ሳይሞላቸው በዚህ በሽታ ተይዘዋል። የሚመጣው ከድራት በኋላ ባሉት ሁለት ወራት ነው። ውሻዋ ውኃ አብዝታ ትጠጣለች፣ ብዙ ትሸናለች፣ ምግብ ትተዋለች፣ ታስመልሳለች፤ የማህፀን በሩ ክፍት ከሆነ የሚሸት ፈሳሽ ይወርዳታል። በሩ ከተዘጋ ከውጭ ምንም ስለማይታይ ይህኛው የባሰ ነው። ሕክምናው በጥድፊያ ማህፀኑን ማውጣት ነው፤ ይህም ጤነኛ ወጣት ውሻ ላይ ከሚደረገው ማምከን ጋር የሚነጻጸር አይደለም። የተመረዘ ደም ያላትን፣ የደከመችን፣ ያረጀችን ውሻ ነው የሚያደነዝዙት። ሴት ውሻን ለማስመከን ከሁሉም የሚበልጠው ምክንያት፣ በእኛ ግምት፣ ይህ በሽታ ነው።

የጡት ዕጢ። እ.ኤ.አ. በ1969 የወጣ ጥናት ከመጀመሪያው ድራት በፊት የመከነች ውሻ አደጋዋ ካልመከነችው 0.5 በመቶ ብቻ እንደሆነ፣ ከአንድ ድራት በኋላ 8 በመቶ፣ ከሁለትና ከዚያ በላይ በኋላ 26 በመቶ እንደሆነ አስቀምጧል። ቁጥሩ በየቦታው ስለሚጠቀስ አነባበቡን ማወቅ ይገባል። «26 በመቶዎቹ ይታመማሉ» ማለት አይደለም፤ አደጋዋ ካልመከነች ውሻ አደጋ ሩቡ ያህል ነው ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ማስረጃዎቹን የመረመሩ ባለሙያዎች ደግሞ ጥናቶቹ ደካማ ስለሆኑ በአኃዞቹ ላይ ብቻ ተመሥርቶ መወሰን እንደማይገባ ጽፈዋል። ጥበቃ መስጠቱን እንቀበላለን፤ ትልቅ ዝርያ ያላትን ቡችላ ለማጣደፍ ግን ይህ ቁጥር ብቻውን አይበቃም።

ሽንት ማምለጥ። ከማምከን በኋላ የሚመጣ እውነተኛ ጉዳት ነው። ውሻዋ ነቅታ ሳለች ትቆጣጠራለች፤ ተኝታ ስትነሣ ግን የተኛችበት ርሶ ይገኛል። ከመከኑ ሴቶች ከ5 እስከ 20 በመቶ በሚሆኑት ላይ፣ አንዳንዴም ከዓመታት በኋላ ይታያል። ከ20 ኪሎ በላይ የሚመዝኑትና በጣም ቀድመው የመከኑት ይበልጥ ይጋለጣሉ። ብዙዎቹ በፌኒልፕሮፓኖላሚን ወይም በኢስትሪዮል ይሻላቸዋል፤ መድኃኒቱ ግን ብዙ ጊዜ ዕድሜ ልክ ነው።

መገጣጠሚያ። ረጃጅም አጥንቶች ማደጋቸውን እንዲያቆሙ ከሚያደርጉት ነገሮች አንዱ የጾታ ሆርሞን ነው። ሆርሞኑ ቀድሞ ሲወጣ አጥንቱ ከታሰበለት ጊዜ በላይ ያድጋል፣ የመገጣጠሚያው ማዕዘን ይዛባል። እ.ኤ.አ. በ2020 የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ ተመራማሪዎች 35 ዝርያዎችን አነጻጽረው ባወጡት ጥናት ትልልቅ ዝርያዎች፣ ለምሳሌ ጎልደን ሪትሪቨርና ጀርመን ሼፐርድ፣ ዓመት ሳይሞላቸው ሲመክኑ የዳሌና የክርን መዛባት እንዲሁም የጉልበት ጅማት መበጠስ በዝቶባቸዋል። እንደ ቺዋዋ ባሉ ትንንሽ ዝርያዎች ላይ ግን ይህ አልታየም። ጎልደን ሪትሪቨር ሴት ላይ በተለይ ማምከን በየትኛውም ዕድሜ ከአንዳንድ ካንሰሮች መጨመር ጋር ስለተያያዘ፣ የዚህ ዝርያ ባለቤት ከሐኪሙ ጋር ረዘም ያለ ውይይት ይገባዋል።

እነዚህን ሁሉ ስናመዛዝን የምንመርጣቸው ጊዜያት እንደሚከተለው ናቸው። ቡችላው ዝርያው የተደባለቀ ከሆነ እናቱን አይታችሁ፣ ካልታየችም የ4 ወር ክብደቱን በሁለት አባዝታችሁ ግምት ውሰዱ፤ በጣም ትልቅ ለሚሆኑት ከዚያም ይበልጣል።

| እንስሳ | የምንመርጠው ዕድሜ |
|---|---|
| ድመት፣ ሴትም ወንድም | ከ4 እስከ 5 ወር |
| ሴት ውሻ፣ ስታድግ ከ20 ኪሎ በታች | 5 ወይም 6 ወር፣ ከመጀመሪያው ድራት በፊት |
| ሴት ውሻ፣ ከ20 ኪሎ በላይ | ከ5 እስከ 15 ወር፤ መጠበቅ ለሚችል ቤት ከመጀመሪያው ድራት 3 ወር በኋላ |
| ወንድ ውሻ፣ ከ20 ኪሎ በታች | 6 ወር |
| ወንድ ውሻ፣ ከ20 ኪሎ በላይ | ከ9 እስከ 15 ወር፣ ዕድገቱ ሲያበቃ |

ለትልቅ ሴት ውሻ ክፍተቱ የሰፋው ሁለት አደጋዎች ወደ ተቃራኒ አቅጣጫ ስለሚስቡ ነው፤ ጡቷ ቶሎ ይሁን ይላል፣ አጥንቷና ፊኛዋ ይቆይ ይላሉ። የሚወስነው የእናንተ ግቢ ነው። አጥሩ ክፍተት ካለው፣ በሩ ክፍት የሚውል ከሆነ፣ ወይም ያልተኮላሸ ወንድ አብሯት የሚኖር ከሆነ መጠበቁን ተዉት፤ 8 ቡችላ መውለድ ከየትኛውም የመገጣጠሚያ ስሌት ይልቅ ቅርብ አደጋ ነው።

በድራት ላይ ያለችን ውሻ ከማስመከን ከተቻለ ይቆዩ። የደም ሥሮቹ ስለሚያብጡ መድማት ይበዛል። ድራቱ ካለፈ በኋላም 2 ወይም 3 ወር መጠበቅ ይሻላል፤ ፕሮጄስትሮኑ ገና ከፍ ባለበት ጊዜ ኦቫሪዎቹ (የእንቁላል ማመንጫዎቹ) ሲወጡ ሆርሞኑ በድንገት ይወርድና ሰውነቷ የወለደች ይመስለዋል። ጡቷ ወተት ይይዛል፣ አሻንጉሊት ሰብስባ ታቅፋለች፤ ይህም ሰንብቶ መድኃኒት እስከመፈለግ ሊደርስ ይችላል።

## ወንድ ውሻ፦ ከመወሰን በፊት ባሕርዩን መለየት

ወንድ ውሻ እንደ ሴቷ ሕይወቱን የሚያስጨንቅ የጊዜ ገደብ የለበትም። ማኮላሸት በዘር ፍሬ ላይ ዕጢ እንዳይወጣ ያደርጋል፤ በዕድሜ የሚመጣውን የፕሮስቴት ማበጥ ያጠፋል፤ በፊንጢጣ ዙሪያ ከሚወጡ እባጮች አብዛኛውን ይከላከላል። የፕሮስቴት ካንሰርን ግን አይከላከልም፤ ይህ ካንሰር በወንድ ውሻ ላይ ብዙም አይታይም፣ በተኮላሹት ላይ ደግሞ በመጠኑ ይበዛል።

ብዙ ሰው ወንዱን የሚያስኮላሸው ለባሕርዩ ብሎ ነው፤ ቅሬታ የሚመጣውም እዚሁ ላይ ነው። ሴት ፍለጋ መኮብለልና መውጣት፣ ቤት ውስጥ በሽንት ምልክት ማድረግ፣ በሴት ምክንያት ከሌላ ወንድ ጋር መጣላት፦ እነዚህ ቴስቶስትሮን ከሚባለው የወንድ ሆርሞን ጋር የተያያዙ ስለሆኑ ባብዛኛው ይቀንሳሉ። ከፍርሃት የሚመጣ ጩኸትና ንክሻ ግን በማኮላሸት አይጠፋም፤ ቴስቶስትሮን ከሚሰጠው ድፍረት ጋር አብሮ ሲወጣ ሊባባስም ይችላል። እንግዳ ሲመጣ ጆሮውን ወደ ኋላ ጥሎ፣ ጭራውን ደብቆ፣ እያፈገፈገ የሚጮኽ ውሻ ፈሪ ነው። ለሱ መጀመሪያ ሥልጠና፣ ከዚያ «ያለ ቀዶ ሕክምና» በሚለው ክፍል የሚገለጸውን ጊዜያዊ መንገድ መሞከር፣ በመጨረሻ ቀዶ ሕክምና። ማኮላሸት የጥበቃ ውሻን ሰነፍ ያደርገዋል የሚባለውም እውነት የለውም፤ ግዛቱን የሚጠብቅበት ባሕርይ ከዘር ፍሬው ጋር አይወጣም።

አንድ ሁኔታ ብቻ አማራጭ የለውም። የዘር ፍሬው አንዱ ወይም ሁለቱ ወደ ከረጢቱ ሳይወርዱ ሆድ ውስጥ ወይም ብሽሽት ላይ ከቀሩ መውጣት አለባቸው። ባብዛኛው 2 ወር ላይ ወርደው ይዳሰሳሉ፤ በ6 ወሩ ካልወረደ ይወርዳል ብሎ መጠበቅ ከንቱ ነው። ሆድ ውስጥ ያለው ፍሬ በሙቀቱ ምክንያት ወደ ዕጢ የመለወጥ ዕድሉ ከወረደው ብዙ እጥፍ ይበልጣል። ችግሩ በዘር የሚተላለፍ ስለሆነ «አንዱ አለውና ያስጠቃልን» ማለት ለቡችሎቹም ማስተላለፍ ነው። ቀዶ ሕክምናው ከተራው ስለሚከብድ ሐኪሙ አስቀድሞ መዳሰስና ማወቅ አለበት።

## ከቀዶ ሕክምናዎቹ የትኛው

ለወንድ ሁለት አለ። መደበኛው ሁለቱንም ፍሬ ማውጣት ነው። ሌላው ቫሴክቶሚ ነው፤ የዘር ቱቦው ይቆረጣል፣ ፍሬው ይቀራል። መውለድ ይቀራል፤ መኮብለሉ፣ ጠቡና ርጭቱ ግን እንዳለ ይቀጥላል። ለትልቅ ዝርያ ወጣት ውሻ ሆርሞኑን ጠብቆ መውለድን ብቻ ለመከልከል ትርጉም አለው፤ ለወንድ ድመት ግን ችግሩ ባሕርዩ ስለሆነ አይመከርም። በሁለቱም ዓይነት ቀዶ ሕክምና ቱቦው ውስጥ የቀረ ዘር ስለሚኖር ከቀዶ ሕክምናው በኋላ 6 ሳምንት ያህል ከሴት መራቅ አለበት።

ለሴቷ የሚቀርቡት ብዙ ናቸው። ማህፀንንና ኦቫሪን አብሮ ማውጣት በሰፊው የተለመደው ነው። ኦቫሪዎቹን ብቻ ማውጣት ደግሞ ቁስሉን ያሳንሰዋል፣ ጊዜውንም ያሳጥረዋል። «ማህፀኑ ከቀረ መግል አይዝም ወይ?» የሚል ጥያቄ ይነሣል፤ አይዝም፣ ምክንያቱም መግሉን የሚያስከትለው የኦቫሪ ሆርሞን ስለሆነ ነው። ማህፀኑ ጤነኛ ከሆነና ውሻዋ ወጣት ከሆነች ሁለቱም እኩል ናቸው፤ ሐኪሙ እጁ የለመደውን ቢሠራ ይሻላል። ውሻዋ ከገፋች፣ እርጉዝ ከሆነች ወይም ማህፀኑ ያበጠ ከሆነ አብሮ መውጣት አለበት።

በላፓሮስኮፒ፣ ማለትም ከ5 እስከ 10 ሚሊ ሜትር በሚሆኑ ሁለት ወይም ሦስት ቀዳዳዎች ካሜራ አስገብቶ መሥራት፣ ሕመሙ ያነሰና ማገገሙ የፈጠነ ነው። ለትልቅና ደረተ ጥልቅ ውሻ ልዩነቱ ጎልቶ ይታያል፤ ለ2.5 ኪሎ ድመት ግን የተለመደው ቁስል ራሱ 2 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ የሚጨምረው ትንሽ ነው።

ማህፀኑን አውጥቶ ኦቫሪውን የማስቀረት መንገድም አለ። የሆርሞኑን ጥቅም ለማቆየት የሚፈልጉ ባለቤቶች ይጠይቁታል። ውሻዋ መድራቷን ትቀጥላለች፣ ወንድ ትስባለች፣ የጡት ዕጢ አደጋዋ አይቀንስም፤ ከማህፀኑ ጥቂት ከቀረ ደግሞ ቀሪው መግል ሊይዝ ይችላል። ይህን የሚመርጥ ሰው ቀዶ ሐኪሙ የማህፀን በሩን ጭምር እንደሚያወጣ አስቀድሞ ያረጋግጥ።

## ያለ ቀዶ ሕክምና

ከሁሉም የተሻለው ዴስሎሬሊን የሚባል፣ የጾታ ሆርሞንን ለጊዜው የሚያቆም መድኃኒት የያዘ ትንሽ ዘንግ ነው። እንደ ሩዝ ፍሬ የሚያክል ሲሆን በትከሻዎች መካከል ከቆዳ ሥር በመርፌ ይገባል። በወንድ ውሻ ላይ 4.7 ሚሊግራሙ 6 ወር፣ 9.4 ሚሊግራሙ 1 ዓመት ያህል ይሠራል። ለፈሪው ወንድ ውሻ ትልቅ ጥቅሙ መሞከሪያ መሆኑ ነው፤ ከተኮላሸ በኋላ ምን ዓይነት ውሻ እንደሚሆን አስቀድሞ ያሳያል፣ ካልተስማማው ጊዜው ሲያልቅ ይመለሳል። ሁለት ነገር ግን ያዙ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቴስቶስትሮኑ ከመውረዱ በፊት ይጨምራል፤ ስለዚህ ባሕርዩ ለጊዜው ቢብስ አትደንግጡ። መሃን የሚሆነውም ከ6 እስከ 8 ሳምንት ቆይቶ ነው። ለአዋቂ ሴት ውሻ ሲሰጥ ራሱ ድራት ሊቀሰቅስባት ስለሚችል በሐኪም ውሳኔ ካልሆነ አይሞከርም።

የፕሮጄስትሮን ዓይነት መርፌዎችና ክኒኖች፣ ለምሳሌ ሜድሮክሲፕሮጄስትሮን፣ ርካሽና ቀላል ስለሆኑ ይሰራጫሉ። ድራትን ያቆማሉ፤ ነገር ግን የሚያደርጉት ማህፀኑን ያንኑ መግል በሚቋጥርበት ሁኔታ ላይ ማቆየት ነው። የማህፀን መግል፣ የጡት ዕጢና የስኳር በሽታ ያስከትላሉ፤ በወጣት ድመት ላይ ጡቶቿ በጥቂት ሳምንት ውስጥ አብጠው እስኪቆስሉ ሊያደርሱ ይችላሉ። የሰው የእርግዝና መከላከያ ክኒን ለእንስሳ መስጠት ከዚሁ አይለይም። ለወራት ደጋግሞ መስጠትን በፍጹም አንመክርም።

ወደ ዘር ፍሬው የሚወጋ የዚንክ መድኃኒትም አለ። ዘሩን ያጠፋል፤ ሆርሞኑ ግን በከፊል ስለሚቀር ባሕርዩ ላይለወጥ ይችላል። መርፌው ከፍሬው ውጭ ከፈሰሰ ከረጢቱን ያቆስላል። በርካታ ወንድ ውሾችን በአንድ ዘመቻ ለመሥራት እንጂ ለአንድ የቤት ውሻ የሚያስመርጥ ነገር የለውም።

ውሻዋ አምልጣ ከተጠቃች «የሚያስወርድ መርፌ» ፍለጋ አትሩጡ። ቀድሞ ይሰጥ የነበረው የኢስትሮጅን መርፌ የአጥንት መቅኒን ሊያጠፋና የማህፀን መግል ሊያመጣ ይችላል። ለመራባት የማትፈለግ ከሆነ በእርግዝናው መጀመሪያ ሳምንታት ማስመከን ይቻላል፤ ቀኑን መዝግባችሁ ለሐኪም ንገሩ።

## ቀጠሮ ከመያዝ እስከ ክር መውጣት

በ2002 እና 2004 እ.ኤ.አ. መካከል በብሪታንያ በተደረገ ሰፊ ጥናት ጤነኛ ሆነው በማደንዘዣ የሞቱት ውሾች 0.05 በመቶ፣ ድመቶች 0.11 በመቶ ነበሩ። ከሞቶቹ ብዙዎቹ የደረሱት ቀዶ ሕክምናው ካለቀ በኋላ፣ በተለይ በመጀመሪያዎቹ 3 ሰዓታት ነው። ስለዚህ ክሊኒክ ስትመርጡ ከማሽኑ ይልቅ ይህን ጠይቁ፦ ከነቃ በኋላ ማን አጠገቡ ይቀመጣል? በደም ሥሩ መርፌ ይገባለታል ወይ? ሰውነቱ እንዳይቀዘቅዝ በምን ይሞቃል? የሕመም ማስታገሻው የሚሰጠው ከቀዶ ሕክምናው በፊት ነው ወይስ በኋላ፣ ወደ ቤትስ ለስንት ቀን ይሰጣችኋል? «ሕመም የለውም፣ ማስታገሻ አያስፈልግም» የሚል ቦታ ካጋጠማችሁ ሌላ ቦታ ፈልጉ።

አዋቂ ውሻና ድመት ከ6 እስከ 8 ሰዓት ይጹም፤ ውኃ እስከ ማለዳ ይሰጠው። ከ4 ወር በታች የሆነ ወይም 2 ኪሎ ያልሞላ ግልገል ግን ከ2 እስከ 4 ሰዓት ብቻ ነው የሚጾመው። ሌሊቱን ሙሉ የጾመ ግልገል የደም ስኳሩ ይወርዳል፣ ከማደንዘዣው ለመንቃትም ይቸገራል። ክትባት፣ በተለይ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት፣ በማምከን የሚተካ አይደለም፤ ካልተከተበ ይህንንም ከሐኪሙ ጋር ተነጋገሩ።

ቤት ሲመለስ አንገቱ ላይ የሚታሰረው ሾጣጣ መከላከያ ከ10 እስከ 14 ቀን አይወልቅም። ባለቤቱ አዝኖለት ለአንድ ሰዓት ሲያወልቅለት ክሩን ይበጥሰዋል፤ ቁስል የሚከፈትበት ዋነኛ ምክንያት ይኸው ነው። መከላከያውን ለማይቀበል እንስሳ ሰውነቱን የሚሸፍን ልብስ ይሆነዋል። ውሻ በማሰሪያ ብቻ ለሽንት ይውጣ፤ ሩጫ፣ ዝላይና ደረጃ ይቅር። ወንድ ውሻ በሁለተኛው ቀን ደህና ስለሚመስል ይለቀቃል፣ ይሮጣል፣ ከረጢቱ ውስጥ ደም ይሞላና ከድሮው በልጦ ያብጣል። የወንድ ድመት ቁስል ብዙ ጊዜ ሳይሰፋ ይተዋል፤ አሸዋ እንዳይገባበት ለጥቂት ቀናት በመጸዳጃው ላይ የተቀደደ ወረቀት አድርጉ። ክሩ እስኪወጣ ገላ መታጠብ የለም።

ቁስሉን ጠዋትና ማታ በብርሃን እዩት። ጠርዞቹ የገጠሙ፣ ትንሽ የቀላ፣ ደረቅ ከሆነ ደህና ነው። ከፈሰሰ፣ ከሸተተ፣ ክፍተት ከታየ፣ ወይም ሆዱ ላይ ለስላሳ እብጠት ከወጣ ወደ ሐኪም ይሂድ። በመጀመሪያው ቀን ሴቷ ከደከመችና ሆዷ ከተነፋ የላይኛውን ከንፈሯን ገልጣችሁ ድዷን ተመልከቱ። በጣት ተጭናችሁ ስትለቁት በ2 ሴኮንድ ውስጥ ወደ ሮዝ መመለስ አለበት፤ ነጭ ሆኖ ከቀረ ውስጧ እየደማ ሊሆን ይችላልና ሰዓት አትቁጠሩ። ፓራሲታሞል ድመትን ይገድላል፣ አይቡፕሮፌን ውሻንም ድመትንም ይመርዛል፤ ሐኪሙ ከሰጠው ሌላ የሕመም መድኃኒት አይሰጥም።

ከማምከን በኋላ የኃይል ፍጆታው ይወርዳል፣ የምግብ ፍላጎቱ ደግሞ ይጨምራል። «ሲመክኑ ይወፍራሉ» የሚባለው ከዚህ የመጣ ነው፤ የሚያወፍራቸው ግን መጠኑ ሳይቀነስ የቀጠለው ምግብ ነው። ዕድገቱን ለጨረሰ እንስሳ ከቀዶ ሕክምናው ሳምንት ጀምሮ ከ20 እስከ 30 በመቶ ቀንሱ፤ ለ3 ወር በየ2 ሳምንቱ መዝኑ። በማደግ ላይ ያለ ግልገል የግልገል ምግቡን ይቀጥል፤ ጎድኑን በመዳፍ ስትዳስሱት ሳትጫኑ የሚቆጠር እንዲሆን መጠኑን አስተካክሉ።

ከመከነች ወራት ወይም ዓመታት ቆይታ ድመታችሁ እንደገና ብትንከባለልና ብትጮኽ፣ ወይም ውሻችሁ ብልቷ አብጦ ወንዶች ቢከተሏት፣ ከኦቫሪው ቁራጭ ሆድ ውስጥ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። በምልክቱ ላይ ሳለች ወደ ሐኪም ውሰዷት፤ የሆርሞን ምርመራው የሚያረጋግጠውም፣ ቁራጩ በቀላሉ የሚገኘውም ያን ጊዜ ነው።